ከባሕር ዛፍ የሚፈተል ልብስ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ምን ይበጃል?

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ሥር ወደ ነፋስ መውጫ የተጓዘ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሳይቋረጥ የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። በታች ጋይንት በአርብ ገበያ፣ በስማዳ በወገዳ፣ በእስቴም በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዛፉ ለቤት ምሰሶና ማገር፣ ለአጥርና ለማገዶ ይውላል። ቀጥ ብሎ ያደገው አጣና ደግሞ በመኪና እየተጫነ ለከተማ ግንባታ ይሄዳል። ከአማራ ክልል የሚነሣ አጣና መተማን ተሻግሮ በሱዳን ገበያ ሲሸጥ መቆየቱም የታወቀ ነው።

ይኸው ዛፍ በሌላ አገር ልብስ ሆኗል። በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ባሕር ዛፍ በፋብሪካ ተቀቅሎና ነጥቶ፣ ለሸሚዝና ለቀሚስ የሚሆን ክር መነሻ ሆኖ በመርከብ ይጫናል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የፊንላንድ ሊቃውንት እንጨትን በፈሳሽ ጨው አሟሙቶ ክር የሚያወጣ አዲስ አፈታተል አሳይተዋል። ስለዚህ ነገር የሰማ የገበሬ ማኅበር መሪ ሁለት ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንደኛው፣ «ዛፋችን በእርግጥ ልብስ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «እንዲያ ከሆነ ገብሱንና ድንቹን ትተን መሬቱን ለዛፍ እንልቀቀው ወይ?» የሚል ይሆናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነው። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን በዛፉና በልብሱ መካከል ያለውን ሥራ በሚገባ ካልመረመሩ በቀር ለስሕተት ይዳርጋል።

የእንጨትና የጥጥ ዝምድና

ጥጥና እንጨት ለዓይን ቢራራቁም በውስጣቸው ያለው ዋና ነገር አንድ ነው። ሴሉሎስ ይባላል። የተዳመጠ ጥጥ ከመቶ እጅ ከ90 በላይ ሴሉሎስ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት ውስጥ ያለው ከመቶ ከ40 እስከ 50 ያህል ሲሆን፣ የቀረው ሊግኒን የሚባለው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገርና ሌላ ተጓዳኝ ነው። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገው ይኸው ሙጫ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የቃጫው ርዝመት ነው። የጥጥ ቃጫ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ባለሙያዋ ሴት ከባዘቶው እየሳበች በእንዝርት ታከርረዋለች። የባሕር ዛፍ ቃጫ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ነገር በእንዝርትም ሆነ በፋብሪካ መኪና ሊፈተል አይችልም። ስለዚህ ከእንጨት ክር የሚፈልግ ሁሉ ሴሉሎሱን ከሙጫው ለይቶ አሟሙቶ እንደ አዲስ ረጅም አድርጎ መሳብ ግድ ይሆንበታል። ችግሩ ሴሉሎስ በውሃ የማይሟሟ መሆኑ ነው። ሸማ ስንት ዓመት ቢታጠብ አለመሟሟቱ ለዚህ ምስክር ነው። የዚህ ኢንዱስትሪ የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክም የሚያሟሟውን ነገር የመፈለግ ታሪክ ነው።

ከቪስኮስ እስከ ፈሳሽ ጨው

እ.ኤ.አ. በ1892 ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ ሦስት እንግሊዛውያን ቪስኮስ የተባለውን ዘዴ አገኙ። ዛሬም በየገበያው ቪስኮስ ወይም ሬዮን እየተባለ የሚሸጠው ጨርቅ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ክፉ መርዝ ይጠቀማል። ይህ መርዝ በየአገሩ የቪስኮስ ፋብሪካ ሠራተኞችን ነርቭ፣ አእምሮና ልብ ሲጎዳ ኖሯል። ከዚህም ሌላ ቪስኮስ ሲረጥብ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላዮሴል የሚባል ሁለተኛ መንገድ ለንግድ በቃ። ይህ የካርቦን ዳይሰልፋይድን መርዝ አስቀርቶ ሴሉሎሱን በቀጥታ ያሟሟል። ነገር ግን የሚያሟሟው ፈሳሽ ሲግል እንዳይፈነዳ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሦስተኛው መንገድ የፈሳሽ ጨው መንገድ ነው። ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው በእሳት እንዲቀልጥ 801 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሊቃውንቱ የሚሠሩአቸው አንዳንድ ጨዎች ግን ከ100 ዲግሪ በታች፣ አንዳንዶቹም በቤት ውስጥ ሙቀት እንደ ዘይት ይፈስሳሉ። አዮናዊ ፈሳሽ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከእነዚህ የሚቀራረብ ጨው ሴሉሎስን እንደሚያሟሟ እ.ኤ.አ. በ1934 ግሬናኸር የተባለ ሊቅ በፈጠራ ማረጋገጫ ያስመዘገበ ቢሆንም ለብዙ ዘመን አስታዋሽ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደ አዲስ አነሡት። ከዚያም በፊንላንድ የአልቶና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት አዮንሴል የተባለውን አፈታተል አበጁ። በዚህ ዘዴ የበርች እንጨት ብቻ ሳይሆን የባሕር ዛፍ ፐልፕም ተሞክሮ ጥሩ ክር ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገሪቱ የነፃነት በዓል የወቅቱ ፕሬዝዳንት ባለቤት የኒ ሃውኪዮ ከበርች እንጨት በዚህ መንገድ የተሠራ ቀሚስ ለብሰው መታየታቸው ዘዴው በዓለም እንዲታወቅ ረድቷል።

አሠራሩ

በቅድሚያ እንጨቱ ተልጦና ተከትክቶ በፋብሪካ ይቀቀላል። ሙጫው ከወጣና ከነጣ በኋላ የሚገኘው እንደ ወፍራም ወረቀት ያለ ነጭ ነገር ፐልፕ ይባላል። ቀጥሎ 13 ኪሎ ያህል ፐልፕ በ87 ኪሎ ያህል ፈሳሽ ጨው ውስጥ እየተሞቀ ሲታሽ ይሟሟና እንደ ወፈረ ማር ይሆናል። ይህ ማር መሳይ ነገር ከጠጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ባሉት ሳሕን ተገፍቶ ይወጣል። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በአየር ውስጥ እየተሳበ ሲቀጥን የሴሉሎሱ ሥር ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ፈታይዋ ባዘቶውን በሳበች ቁጥር ክሩ እንደሚቀጥንና እንደሚጠነክር ያለ ነው። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጨው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ሴሉሎሱ ክር ሆኖ ይቀራል። ክሩ ታጥቦና ደርቆ በጥጥ ልክ ይቆረጥና በተለመደው የፈትል መኪና ይፈተላል። የሚገኘው ክር ከቪስኮስ የጠነከረ ነው፤ ሲረጥብም እንደ ቪስኮስ አይዝልም።

በዚህ መንገድ ያረጀ የጥጥ ልብስም እንደገና ሊሟሟና ሊፈተል መቻሉ በሙከራ ታይቷል። ይህም ለወደፊቱ የፋብሪካው ተቀናቃኝ ጥሬ ዕቃ የከተማ እራፊ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ዛፍ ተካዩ ይህንንም ማወቅ ይኖርበታል።

ዋጋው የት ላይ ነው?

የዚህ ሥራ ቁልፍ ዛፉ አይደለም፤ ጨው ነው። ከላይ በተባለው መጠን ሲሰላ አንድ ኪሎ ቃጫ ለማውጣት ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ያህል ፈሳሽ ጨው መዞር አለበት። በኪሎ ሲተመን ደግሞ ጨው ከሚወጣው ቃጫ ይበልጥ ውድ ነው። በቀን አንድ ቶን ቃጫ የሚያመርት ፋብሪካ በየቀኑ ሰባት ቶን ለሚጠጋ ጨው ኀላፊ ይሆናል። ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ቢጠፋበት በቀን 67 ኪሎ፣ በ300 የሥራ ቀን 20 ቶን ያህል ጨው ይባክናል። ስለዚህ ከ99 እጅ በላዩን ጨው ከውሃው ለይቶ ያልመለሰ ፋብሪካ ሊቆም አይችልም። ጨውን ለመመለስ ውሃውን ማትነን ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ሙቀት፣ ብዙ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

ፈሳሽ ጨው እንደ ቤንዚን አይተንም፤ በቀላሉም አይቃጠልም። በዚህ ምክንያት «ንጹሕ» እየተባለ ይወደሳል። ይህ ሲባል ግን ወደ ወንዝ ቢፈስስ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከነዚህ ጨዎች አንዳንዶቹ ለዓሣና ለሌላ የውሃ ፍጥረት መርዝ ናቸው፤ ቶሎ የማይበሰብሱም አሉ።

ሌላው መታየት ያለበት የፋብሪካው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንላንድ ኤነኮስኪ በተባለ ከተማ የአገሩ ሜትሳ ግሩፕ ከጃፓኑ ኢቶቹ ጋር ሆኖ በቀን አንድ ቶን ያህል ቃጫ በአዲስ አሟሚ ጨው የሚያወጣ የሙከራ ፋብሪካ ሥራ አስጀምሯል። ትንሽ ቢሆንም ለብቻው የቆመ አይደለም። ፐልፑን የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ከተከፈተውና በዓመት 1 ሚሊዮን 3 መቶ ሺሕ ቶን ፐልፕ ከሚያመርተው ጎረቤቱ ነው። በብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረ አንድ ፋብሪካ ለልብስ የሚሆን 500 ሺሕ ቶን የባሕር ዛፍ ፐልፕ በዓመት ለማምረት የተሠራ ነው።

ይህ መጠን በገበሬ ቋንቋ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? አንድ ቶን እንዲህ ያለ ፐልፕ ለማግኘት ሁለት ቶን ተኩል ያህል ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል ቢባል፣ ያ የብራዚል ፋብሪካ በዓመት 1 ሚሊዮን 250 ሺሕ ቶን ይበላል። አንድ ሔክታር በዓመት 10 ቶን ደረቅ እንጨት ቢሰጥ 125 ሺሕ ሔክታር ዛፍ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ አባወራ ግማሽ ሔክታር ቢደርስ የ250 ሺሕ አባወራ መሬት መሆኑ ነው። ሦስቱ አገሮች፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ይህን ያህል መሬት ለዛፍ ለቅቀው የሚበሉት ከየት ይመጣል?

መሬቱና ውሃው

በነዚህ ወረዳዎች የመሬት ጥበት አዲስ ነገር አይደለም። የጉና ግርጌ ደጋ ገብስና ድንች ያበቅላል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ማሽላ ያበቅላል፤ ዝናቡ ግን አስተማማኝ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የታቀፉት የብዙ ቤተሰብ ጎተራ ከክረምት ክረምት ስለማያደርስ ነው። እህል በጎደለበት አገር አጣና ሸጦ እህል መግዛት ለአንዳንዱ ቤተሰብ መዳኛ ሆኗል። ሰው ሁሉ ዛፍ ተክሎ ሰው ሁሉ እህል ገዢ የሆነ ቀን ግን የእህሉ ዋጋ ይወጣል፤ የአጣናው ዋጋ ይወርዳል።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከተቆረጠም ከጉቶው እያቆጠቆጠ ደጋግሞ ይሰጣል፤ ከብት አይበላውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው የማገዶ ችግርን ለማቃለል ሲሆን ለዚያ ሥራ በሚገባ አገልግሏል። በሌላ በኩል ግን ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ውሃውን ይሻማል። ከእርሻ ድንበር ሲተከል የጎረቤትን ሰብል በጥላውና በሥሩ ይጎዳል። በዚህም ምክንያት በየቀበሌው ስንት ክርክር ለሽማግሌና ለፍርድ እንደሚቀርብ መሪዎቹ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

«እንጨቱ ቀርቶ የገብሱና የስንዴው ገለባ ለክር ይሁን» የሚል ሐሳብም ይነሣ ይሆናል። ገለባ ሴሉሎስ ስላለው በሙከራ ደረጃ ይቻላል። ነገር ግን በጋይንት ገለባ የበሬ ቀለብ ነው። በበጋ ገለባውን የሸጠ ገበሬ በሰኔ የሚጠምደው በሬ ይከሳበታል።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበራት በየተራራው የጋራ ደን ተክለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ደን ብዙው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጨፈጨፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተከለው ሰው ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደሚቆረጥ፣ ገንዘቡም ለማን እንደሚገባ አያውቅም ነበር። ባለቤቱ ያልታወቀ ዛፍ ጠባቂ የለውም። በአንጻሩ በግል ይዞታ ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍ ከመቆረጥ ይልቅ እየበዛ ሄዷል።

ሁለተኛው ትምህርት ከወንጂ ይገኛል። የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የሠራው ከውጭ አገር በሚገዛ ፐልፕ ነበር። ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር ፐልፕ በውጭ ምንዛሪ መገዛቱ የሚያሳየው የጎደለው ዛፍ አለመሆኑን ነው። የጎደለው በዛፉና በወረቀቱ መካከል ያለው ፋብሪካ፣ ኬሚካልና ካፒታል ነበር። ለልብሱም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይሆንም። መካከለኛውን ሥራ ያልያዘ አገር ግንዱን በርካሽ ሸጦ ጨርቁን በውድ ይገዛል።

በክልሉ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ሥር የሌለው አይደለም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ከጅምሩ ይሰጥ ነበር። የዚያ ወራሽ የሆነው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ስለዚህ ዛፉ ለክር ይበጃል አይበጅም የሚል ጥያቄ ያለው ማኅበር መልስ የሚጠይቅበት ደጅ ሩቅ አይደለም።

የመሪዎች ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው። ዛፍ ልብስ ይሆናል ተብሎ የእህል መሬት ለዛፍ አይለቀቅም። ገዢ ሳይኖር ዛፍ መጨመር፣ ፋብሪካ ሳይቆም ለፋብሪካ መትከል ገበሬውን ለአንድ ነጋዴ ዋጋ አሳልፎ መስጠት ነው። በምትኩ መሪዎች ከዛሬ ጀምረው ሊያከናውኑአቸው የሚችሉ ተግባሮች አሉ።

በመጀመሪያ በየቀበሌው ያለው ባሕር ዛፍ በስንት መሬት ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ከምንጭና ከወንዝ አጠገብ እንደሆነ፣ ስንቱ ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይ እንደቆመ ቆጥሮ መያዝ ነው። በቁጥር ያልተያዘ ሀብት ለድርድር አይበጅም። ዛፍ መጨመር የግድ ከሆነም ማረሻ በማይገባበት ተዳፋትና በተቦረቦረ መሬት ይሁን፤ ምንጭ ይራቅ።

ሁለተኛ፣ አጣናና የፐልፕ እንጨት ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች መሆናቸውን ለአባላት ማስረዳት ነው። አጣና ቀጥነቱና ውፍረቱ ታይቶ በቁጥር ይሸጣል። የፐልፕ እንጨት በክብደት የሚገዛ በመሆኑ መጣመሙ ዋጋውን አይቀንስም፤ ቀጥ ማለቱም አይጨምርም። ስለዚህ ለአጣና የደረሰውን ቀጥ ያለ ዛፍ ለፐልፕ መስጠት ኪሳራ ነው። አጣናው ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ጠማማና ቁራጭ ግን ገዢ ካገኘ ተጨማሪ ገቢ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የክብደቱን ነገር አስቀድሞ መቁረጥ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። «አንድ ቶን ይህን ያህል ብር» የሚል ገዢ ሲመጣ «በእርጥቡ ነው በደረቁ? ከነልጡ ነው ተልጦ? ሚዛኑስ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተፈረመ ውል የገበሬውን ድካም በግማሽ ሊያስቀር ይችላል። በተለይም ከስማዳ ቆላና መኪና ከማይገባባቸው ቀበሌዎች እርጥብ እንጨት በሰው ጫንቃና በአህያ ማውጣት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እንጨቱ በቦታው ደርቆ ቢጓጓዝ ሸክሙም ኪራዩም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የጋራ መሬት ላይ ዛፍ ሲተከል ድርሻው፣ የመቁረጫው ጊዜና የገንዘቡ አከፋፈል በጽሑፍ ይያዝ። የግል የሆነው ደግሞ በይዞታ ደብተር ይታወቅ። በባልና በሚስት ስም በተመዘገበ መሬት ላይ የበቀለ ዛፍ ሲሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ይጠየቅ። ሽያጩም በየግል ከመሆን ይልቅ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆን መደራደሪያ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ነገ በአካባቢው የፐልፕም ሆነ የክር ፋብሪካ ለማቋቋም የሚመጣ ባለሀብት ቢኖር ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት። ውሃውን ከየት ይቀዳል? የቆሸሸውን ውሃ አጣርቶ ወዴት ይለቃል? ጨውንስ ከመቶ ስንት ይመልሳል? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከ99 በታች ከሆነ ፋብሪካው ራሱን አይችልም፤ የጠፋው ጨውም ከወንዙ ሊገኝ ይችላል። የገበሬዎች ማኅበራትስ በፐልፑ ሥራ ውስጥ አክሲዮን ይኖራቸዋል ወይስ ግንድ ብቻ ያቀርባሉ? ይህም አብሮ ሊነሣ ይገባዋል።

የጥጥ ፈትል በቤት ያለች እናት ሙያ ነው። ባዘቶው፣ እንዝርቱና ልቃቂቱ በእጇ ስለሆነ ሸማኔው ጋ የምትሄደው ዋጋዋን አውቃ ነው። የእንጨት ፈትል ግን እንዝርቱ ጨው ነው፤ ያም ገና በሌላ ሰው እጅ ነው። እንዝርቱ የማን እንደሚሆን እስኪታወቅ ድረስ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ዛፉን በተዳፋቱ ላይ ያቁም፤ በሬውን ከእርሻው አያስወጣ።